ከሰባት ቁጥር ድምፅ በስተጀርባ

ዶሪን ሃልቮርሰን ያንን ጨዋታ የሰማችው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ተማሪ ነበረች፤ ከትምህርት መልስ በግቢው ካፌ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ሁለት የግቢ ፖሊሶች መስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል።

«ሦስቴ ጠየቅኋት፤ ሦስት ዓይነት ነገረችኝ» አለ አንዱ።

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ክስ አልፈልግም የሚል ወረቀት አስፈርሜ ሸኘኋት።»

ቃሉ በትክክል ይኸው ይሁን አይሁን ዛሬ መማል አትችልም። መሳቃቸውን ግን ታስታውሳለች። በልጅቷ ይሁን በሌላ ጨዋታ፣ እሱን አታውቅም። ጨርቋን ጨምቃ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች። ልጅቷ ማን እንደነበረች አልጠየቀችም።

አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። የዚያው ግቢ ፖሊስ መርማሪ ናት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጸሎቷ አጭር ነው። ከሰው ጋር ስትሆንም ከመናገር መስማት ይቀናታል።

የጉልበት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ስድስት ሳምንት ቤት ከረመች። በሚያዝያ ወር፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ተመለሰች። እንደ ልማዷ፣ እሷ በሌለችበት የተዘጉትን ፋይሎች አውጥታ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች።

አራተኛው ላይ ቆመች።

ብሪያ ሎማክስ። ሃያ ዓመቷ። የነርስነት ትምህርት፣ ሁለተኛ ዓመት። ከሃያ ስድስት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ዶርሙ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት። በረዶ እየጣለ ባዶ እግሯን ነበረች። ሆስፒታል ተመረመረች። ሐኪሙ መደፈሯን የሚያሳዩ ጉዳቶችን መዝግቧል። ከሰውነቷ የተወሰደው ናሙናና ደሟ በሳጥን ታሽጎ ለግቢው ፖሊስ ተላከ።

ሳጥኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደታሸገ ነው። ፋይሉ በአምስተኛው ቀን ተዘግቷል። በቀይ ማኅተም፦ «መሠረት የሌለው ጥቆማ»።

ዶሪን ፋይሉን ይዛ ወደ ሳጅን ሮይ ክናፕ ጠረጴዛ ሄደች።

«ሮይ፣ የዚች ልጅ ፋይል ለምን ተዘጋ?»

«መጀመሪያ ደህና መጣሽ ይባላል። ጉልበትሽስ?»

«ይታጠፋል። ለምን ተዘጋ?»

ሮይ ዶናቱን አስቀምጦ እጁን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም። ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

«ዶሪን፣ እኔም ሴቶች ልጆች አሉኝ። ግን ልጅቷ ጫጩት ሰማሁ ነው የምትለው። ጫጩት! በእኩለ ሌሊት! ደግሞ አንዲት ሴትዮ ክፍሉ ውስጥ ቁጥር ትጠራ ነበር አለች። ጫጩቶቹን እየቆጠረች ይሆናላ!»

ከኋላው የተቀመጠው ፖሊስ ሳቀ። ዶሪን አልሳቀችም።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ንገሪኝ አልኳት» አለ ሮይ። «አልቻለችም። ከመሃል ትጀምራለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ጠጥታ ነበር። ያደረገው ኮል ዴቭሪስ ነው አለች፤ የኮልን የዶርም ካሜራ አየሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ከክፍሉ አልወጣም። እና ዋሸች ማለት ነው። በመጨረሻ ራሷ ክስ አልፈልግም ብላ ፈረመች። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ሳጥኑን ለምርመራ አልላክኸውም።»

«የተዘጋ ፋይል ሳጥን የት ይላካል?»

ኮል ዴቭሪስን የግቢው የትግል ስፖርት ቡድን ጂም ደጃፍ ላይ አገኘችው። ወደ ውስጥ አላስገቡትም። አንገቱ እንደ ግንድ ወፍራም ነው፤ ዓይኑ ግን የተቆጣ ሕፃን ዓይን ነው።

«ንጹሕ ነህ ተባልኩ። ቡድኑ ግን አልመለሰኝም» አለ። «እዚህ ቆሜ በመስኮት አያቸዋለሁ።»

«ብሪያን ታውቃታለህ?»

«በአንድ ልደት ላይ ኬክ አቀበለችኝ። አበቃ። እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ስሜን ለምን ጠራች?»

ዶሪን ይህን ጥያቄ ይዛ በማግሥቱ ወደ ብሪያ ዶርም ሄደች።

ክፍሉ ውስጥ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ብሪያ መጻሕፍቷን እያሸገች ነው። ቀጭን ናት፤ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎትታዋለች።

«ነገ እናቴ ትመጣለች። ለቅቄ እሄዳለሁ» አለች። «ፈርሜያለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስለ ኮል…»

«እኔ ኮል አላልኩም!»

ካርቶኑን ለቀቀችው።

«ሳጅኑ ነው ኮል ያለው። ‹ከኮል ጋር ስትሄጂ ታይተሻል፣ እሱ ነው አይደል?› አለኝ። አላውቅም አልኩት። ‹ሊሆን ይችላል?› አለኝ። አላውቅም፣ ሊሆን ይችላል አልኩ። ከዚያ መጥቶ ኮል ዶርሙ ነበር፣ ስለዚህ ውሸታም ነሽ አለኝ። እኔ ያላልኩትን ነው ውሸት ያደረገብኝ።»

ዶሪን የወደቀውን ካርቶን አነሳች። እዚያ ክፍል ውስጥ መጮህ ያለበት ሰው ካለ እሷ አይደለችም።

«በተራ አትንገሪኝ» አለች። «የትኛው ነው አልለቅ ያለሽ? እሱን ብቻ።»

ብሪያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ላይብረሪው ደረጃ ላይ ሆኜ የሚሸኘኝ የግቢ አጃቢ በስልክ መጥራቴን አውቃለሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ስለነበር ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። አንድ ጣፋጭ ነገር ከጠርሙስ ጠጣሁ፤ ማን እንደሰጠኝ አላውቅም። ከዚያ ሙቀት። የሚያፍን፣ እርጥብ ሙቀት። ቀይ መብራት። ጫጩቶች ይንጫጫሉ፤ ብዙ ጫጩቶች። ሴትዮዋ ደግሞ ሰባት ትላለች። ትጠብቃለች። እንደገና ሰባት ትላለች። ድምጿ ደግ ነው። እርጂኝ ልላት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

እጅጌዋን ነክሳ ያዘች።

«ሴት ሆና፣ እዚያው ሆና፣ ለምን ዝም አለችኝ?»

«ፋይሉ እንዲከፈት ፍቀጂልኝ።»

«አይሆንም። የፈረምኩትን ብቀይር በሐሰት ጥቆማ ልጠየቅ እንደምችል ነግረውኛል። እናቴም ነገሩ ይለፍ ነው የምትለው። እኔስ? እኔ ራሴ እያበድኩ ይሆን እላለሁ። ጫጩት እኮ ነው የምለው!»

ዶሪን ወደ ቢሮ ተመልሳ ፋይሉን እንደገና ገለጠችው። የኮልን ስም ማን አመጣው? ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። ምስክር፦ ጋቪን ፕራት፣ አራተኛ ዓመት፣ የአጃቢዎች አስተባባሪ።

አጃቢዎቹ ቢጫ ሰደርያ የሚለብሱ ተማሪዎች ናቸው። አምሽታ የደወለችን ተማሪ እስከ ዶርሟ ይሸኛሉ። የፖሊስ ሬዲዮ ይይዛሉ፤ በየመስከረሙም ሮይ ራሱ ያሠለጥናቸዋል። የፖሊስ ጣቢያው ኩራት ናቸው፤ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ስለ እነሱ ይናገራሉ። ጋቪን ላይብረሪው በር ላይ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ጠሪዋ አልመጣችም፣ ከሩቅ ግን ከኮል ጋር ስትሄድ አይቻለሁ ብሏል። ሮይ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልጠየቀም። ቢጫ ሰደርያ የለበሰን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

ዶሪን ራሷም ገና አልጠረጠረችውም። ሻይ ልትቀዳ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ግን ከሬዲዮ ክፍሉ አንድ ድምፅ መጣ። ዊልማ ስታይነር ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች የሬዲዮ ኦፕሬተር። በየግማሽ ሰዓቱ በሥራ ላይ ያሉትን ሁሉ በቁጥራቸው ትጠራለች።

«አራት።»

ጸጥታ።

«አራት፣ መልስ ስጥ።»

ዶሪን ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ ክፍሉ ዞረች። ገብታ በሩን ዘጋች።

«ዊልማ፣ ሰባት ቁጥር ማን ነው?»

«ሰባት? ከአጃቢዎቹ ነው። ጋቪን ነዋ! ወርቅ የሆነ ልጅ። ለገና ኩኪስ ጋግሮ የሚያመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። እናንተማ ባዶ እጃችሁን መጥታችሁ የእኔን ትበላላችሁ።»

«ልጅቷ የተደፈረችበት ምሽት ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ?»

የዊልማ ፊት ተለወጠ። «ነበርኩ። ምነው?»

«የተቀዳውን ድምፅ ክፈቺልኝ። ዛሬ ሃያ ሰባተኛው ቀን ነው።»

የሬዲዮ ቅጂ ሠላሳ ቀን ይቆያል። ከዚያ ማሽኑ ራሱ ይደመስሰዋል።

ዊልማ ቀኑን ፈልጋ አወጣችው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ የራሷ ድምፅ መጣ።

«ሰባት።»

ጸጥታ።

«ሰባት፣ መልስ ስጥ።»

ጸጥታ።

«ሰባት፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ ልጄ?»

ከዚያ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ የሚል የወንድ ድምፅ። «ሰባት ነኝ። ላይብረሪው በር ላይ ነኝ። ጠሪዋ አልመጣችም።»

ከድምፁ በስተጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ። ቀጭን፣ ብዙ፣ የማያቋርጥ።

«ወፎች ናቸው?» አለች ዊልማ።

«በመጋቢት በረዶ? በዚያ ሰዓት? ላይብረሪ በር ላይ?»

ሦስት ጊዜ ሰሙት። በሦስተኛው ዊልማ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሮይ የቀለደባት ቁጥር ጠሪዋ ሴትዮ እኔ ነኝ» አለች። «በሬዲዮው… እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እየቀለድኩ ነበር፣ ዶሪን። እሷ እዚያ ተኝታ እኔ እየቀለድኩ ነበር።»

የእርሻ ፋኩልቲው ጫጩት መፈልፈያ ከላይብረሪው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ረቡዕ ጠዋት ዶሪን ምርኩዝ ይዛ እያነከሰች ሄደች። ኃላፊው ሽማግሌ የመፈልፈያውን መዝገብ ገለጠላት። ያን ምሽት አራት መቶ ስድሳ ጫጩቶች ተፈልፍለዋል። ክፍሉ እርጥብና ሞቃት ነው፤ የሚበራው ቀይ መብራት ብቻ ነው።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔ፣ ረዳቴና ዕንቁላል የሚያገላብጥልን ተማሪ። ጋቪን። ታማኝ ልጅ ነው።»

«ረዳትዎ ያን ዕለት የት ነበር?»

«ልጁ ታሞ ሌላ ከተማ፣ ሆስፒታል ነበር። እኔ ደግሞ በማታ አልወጣም፤ ዓይኔ አያሳየኝም።»

ዶሪን ቀይ መብራቱ ሥር ትንሽ ቆመች። ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። ልጅቷ አንድም ቃል አልዋሸችም። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

የጣቢያው አለቃ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ሰሟት።

«ፋይሉ ተዘግቷል» አሉ። «ተበዳይዋ ፈርማለች። በተዘጋ ፋይል ቅጂ ይያዝልኝ ብዬ ብጽፍ ነገ ጋዜጠኛ በሬ ላይ ነው። አጃቢዎቻችን እኮ ናቸው ዶሪን! ወላጆች ልጆቻቸውን የሚልኩልን እነሱን አምነው ነው።»

«ለዚያ ነው መጻፍ ያለብዎ።»

«ልጅቷ ትጠይቅ።»

«ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ሄዳለች።»

«እንግዲያው…» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሐሙስ ጠዋት ዶሪን የአውራጃው ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። ዐቃቤ ሕጓ አይዳ ኦርቴጋ ችሎት ላይ ናት። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቅጂው ዓርብ ንጋት ላይ ይጠፋል። በረኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ ነገ ይምጡ አላት።

«ነገ የለም» አለችው።

አሥር ሰዓት ሲሆን አይዳ ወጣች። ዶሪን ቆማ ነገረቻት፤ ከአራት ደቂቃ አልበለጠም። አይዳ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፈረመች። ቅጂው እንዲጠበቅ፣ ሳጥኑ ለምርመራ እንዲላክ።

ዊልማ ትእዛዙን ስትቀበል ማልቀስ ጀመረች። ቅጂውን ግን በትክክል አወጣችው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሟን ጻፈችበት።

ዓርብ ጋቪን ፕራት በስልክ ሲጠራ ራሱ መጣ። ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ ነበር። ፀጉሩን በደንብ አበጥሯል። መብቱን አነበበችለት፤ ጠበቃ አያስፈልገኝም አለ። ሮይ ከወዲያ ብቻ ከሚያሳየው የምርመራ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ ቆሞ ይሰማል።

«ለመርዳት ነው የመጣሁት ሚስ ሃልቮርሰን።»

«አመሰግናለሁ። ያን ምሽት ብሪያን አግኝተሃታል?»

«አላገኘኋትም። ከሩቅ ነው ያየኋት።»

«ላይብረሪው በር ላይ ሆነህ።»

«አዎ።»

«ወደ ጫጩት መፈልፈያው አልሄድክም?»

ዓይኑን አርገበገበ። «አልሄድኩም።»

ቅጂውን ከፈተችለት። ሰባት። ሰባት፣ መልስ ስጥ። ከዚያ የራሱ ድምፅ፤ ከጀርባውም አራት መቶ ስድሳ ጫጩቶች።

ጋቪን ጠረጴዛውን አየ። ዶሪን አላጣደፈችውም።

«እሺ፣ ነበረች» አለ። «ግን በፈቃዷ ነው የመጣችው። ጫጩቶቹን ማየት ፈልጋ።»

«ታዲያ አልመጣችም ብለህ ለምን መዘገብክ?»

ጋቪን የሰደርያውን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ።

«በሬዲዮ ክፍሉ መዝገብ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በሰባት ቁጥር ‹ጠሪዋ አልመጣችም› የተባለው አምስት ጊዜ ነው። የሌሎቹ አጃቢዎች ሁሉ ተደምሮ ሁለት። አምስቱም ጠጥተው ነበር የደወሉት። እንዴት ነው ነገሩ?»

«ጠጥተው እኮ ነው! ምን ያስታውሳሉ?»

«በዚህ እርግጠኛ ነህ።»

«ሳጅን ክናፕ በሥልጠና ላይ ነግረውናል» አለ፤ የመንገድ ሕግ የሚያስረዳ ይመስል ነበር። «ጠጥታ ነገሩን በተራ መናገር ያቃታት ልጅ ክሷ ፍርድ ቤት አይቆምም ብለውናል። ስለዚህ እናንተ ደህና አድርጋችሁ ተመልከቱ፣ የሚታመነው የእናንተ ቃል ነው አሉን።»

ከመስተዋቱ ጀርባ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ሮይ ክናፕ ተቀመጠ፤ በዚያ ቀን ከዚያ ወንበር ሲነሳ ያየው የለም።

«ለምን ጋቪን?»

«ሁለት ዓመት አጀብኳቸው!» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «በበረዶ፣ በዝናብ። ስልካቸውን እያዩ ይሄዳሉ። በር ላይ ሲደርሱ እንደ ውሻ ጥለውኝ ይገባሉ። አንዳቸውም ስሜን ጠይቀው አያውቁም።»

ከዚያ ጠበቃ እፈልጋለሁ አለ።

አይዳ ማምሻውን ደወለች። «መዋሸቱን አረጋግጠናል። ደሟና ናሙናውም ይረዳን ይሆናል። ግን ጠበቃው በፈቃዷ ነው ይላል። እሷ ዳኛው ፊት ካልተናገረች ልጁ ከጥቂት ወር በኋላ ነፃ ይወጣል። ሌሎቹን አራት ልጆች ፈልጌ ነበር። ሁለቱ ትምህርት አቋርጠዋል፤ አንዷ ስልኩን ዘጋችብኝ። የመጨረሻዋ ብሪያ ከተናገረች እናገራለሁ አለች።»

ቅዳሜ ከሰዓት ዶሪን ወደ ብሪያ ከተማ ነዳች። ዊልማ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያልታረሰ የበቆሎ ማሳ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

የብሪያ እናት ጆሊን በሩን ከፈተች፣ ግን ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ልጄ ፈርማለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«አስገቢያቸው እማዬ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ማዕድ ቤት ተቀመጡ። ምድጃው ላይ ሾርባ እየፈላ ነው። ዶሪን ሁሉንም ነገረቻት፤ ቅጂውን፣ መፈልፈያውን፣ ጋቪንን። ዶሪን ጫጩቶቹ ጋ ስትደርስ ብቻ ብሪያ ቀና አለች።

«ነበሩ?»

«ነበሩ። አራት መቶ ስድሳ።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጆሊን ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ሾርባውን ታማስላለች፤ የሚማሰል ነገር ግን አልነበረም።

«ሴትዮዋስ?» አለች ብሪያ።

ዊልማ ገና አፏን አልከፈተችም ነበር። ስትናገር ብሪያ ወንበሯ ላይ እንዳለች ደነገጠች።

«እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

ድምፁን ለየችው። ለረዥም ጊዜ አፈጠጠችባት።

«ስንት ጊዜ ጠራሽው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሰምተሽኝ ነበር?»

«አልሰማሁሽም። ብሰማ ኖሮ በባዶ እግሬ እመጣልሽ ነበር።»

«መልስ ሲዘገይብሽ አልተጨነቅሽም?»

ዊልማ ለመዋሸት ብትፈልግ ቀላል ነበር። «አልተጨነቅሁም» አለች። «ጥሩ ልጅ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ይቅር በይኝ አልልሽም። ፍርድ ቤት ቆሜ ይኸንኑ እናገራለሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ብሪያ ወደ ዶሪን ዞረች። «እሱ እዚያ ይኖራል? ስናገር ፊት ለፊቴ?»

«ይኖራል።»

«ያየኛል?»

«ያይሻል። ችሎቱ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ነው፤ ጠበቃውም ክፉ ክፉ ጥያቄ ይጠይቅሻል። ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ውሸታም ናት የሚለውን ማኅተም ግን እኔ ራሴ አንስቻለሁ፤ ብትመጪም ባትመጪም ተነስቷል። ሌላዋ ልጅ ግን የአንቺን አፍ ነው የምትጠብቀው።»

የሾርባው ድስት ገነፈለ። ማንም አልተነሳም። ዶሪን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«እማዬ» አለች ብሪያ በመጨረሻ።

«ወይ ልጄ።»

«ምድጃውን አጥፊና ተቀመጪ። አንድም ቀን አልሰማሽኝም። ይለፍ፣ ይለፍ ብቻ ነው ያልሽኝ። አሁን ልነግርሽ ነው፤ ሳታቋርጪኝ ስሚ። ለአንቺ መናገር ከቻልኩ ለዳኛው አያቅተኝም።»

ጆሊን ምድጃውን አጠፋች። ማንኪያውን እንደያዘች ልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ብሪያ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችና ወደ ዶሪን ሳትዞር ተናገረች።

«ሐሙስ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ በያት፤ ለዐቃቤ ሕጓ።»